ባዶ ቀለሃ የማይጣልበት ዘመን

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ቁጭ ብሎ ያንብብ፣ የሌለው ሴቭ ያድርገው።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ፊቴ ድቅን አለ። አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ የተተኮሰ የጥይት ቀለሃ ያጥባል። ውስጡ ጎማ የለበሰ ትንሽ በርሜል አለው። ጥላሸት የለበሱትን ቀለሃዎች እፍኝ እፍኝ እያደረገ ይጨምራል፤ ውሃ ይሞላል፤ ጠብ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከማንኪያ ጫፍ የማትበልጥ የሎሚ አሲድ ዱቄት፣ በመጨረሻም እንደ ተቆራረጠ መርፌ ያሉ ጥቃቅን የማይዝጉ የብረት ሽቦዎች ያፈስበታል። ክዳኑን ያጠብቅና በሞተር በሚዞሩ ሁለት ዘንጎች ላይ ያጋድመዋል። በርሜሉ ለሁለት ለሦስት ሰዓት እንዲሁ ይንከባለላል። ሲከፈት የሚወጣው ውሃ ጥቁር ነው፤ ቀለሃው ግን ከውስጥም ከውጭም ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል፣ ካፕሱሏ ተቀምጣበት የነበረችው ጉድጓድ እንኳ ሳትቀር።

ለኛ ሰው ዘዴው እንግዳ አይደለም። ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ሲያወጣ እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? እጅ አይገባም፤ ስለዚህ ጠጠርና ውሃ ጨምረው ይንጡታል። ያ በርሜል የጀሪካኑ ጠጠር በሞተር ማለት ነው። ሽቦው እጅ በማይደርስበት ይደርሳል፣ ሎሚው ናሱ ላይ የተጋገረውን ያለቅቃል፣ ውሃው የለቀቀውን ይዞ ይወጣል።

ፈረንጁ ይሄን የሚያደርገው ለመዝናኛ ነው። ቀለሃውን መልሶ ሞልቶ ዒላማ ይተኩስበታል፣ ትንሽ ገንዘብም ይተርፈዋል። እኔ ግን እያየሁት ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ይሄንኑ ባዶ ቀለሃ መልቀም፣ ማጥራትና መልሶ መሙላት ለአገራችን ሰው የነጻነት ጉዳይ የነበረበት ዘመን ነበር። ገበያ ወጥቶ ዕቃ የሚገዛበትም ዘመን ነበር። ክፍል ውስጥ ዓድዋን ስናስተምር ስለ ምኒልክ፣ ስለ ጣይቱ፣ ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ እናወራለን፤ ጠመንጃም እንቆጥራለን። ቀለሃን የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የዚያ ዘመን ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር እዚያች የናስ ቅርፊት ውስጥ አለ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ነገሩን ከስሩ እንጀምረው። አንድ ጥይት ሲፈታ ከፊት የሚሄደው አረር አለ፣ ከኋላው ባሩዱ፣ ከግርጌው መሃል ላይ መዶሻዋ የምትመታት ካፕሱል፤ ሁሉንም አቅፎ የያዘው ደግሞ የናሱ ከረጢት። ያ ነው ቀለሃ፤ ቀለህ የሚለውም አለ። አረሩን አገሬው ያውቅበታል፤ እርሳስ ማቅለጥ ለማንም አይከብድም። ባሩዱንም ያውቀዋል፤ ከሰል፣ ድኝና ከአፈር የሚነጠር ጨው ነው፣ ሦስቱም አገር ውስጥ ይገኛሉ። ቀለሃ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የቀለሃ ናስ 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ነው። ይሄ ልክ ሲሆን ብረቱ ሳይሰነጠቅ ይሳባል። መጀመሪያ ከጠፍጣፋ ናስ ክብ ቁራጭ ይወጣል። ቁራጩ በማተሚያ ተጨፍልቆ ስኒ ይሆናል። ስኒው ስለሚጠነክር እሳት ይመታዋል፣ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይሳባል። እንዲህ እየተመላለሰ ነው ስኒው ረዝሞ ቱቦ የሚሆነው። ከዚያ ግርጌው ይቀረጻል፣ አንገቱ ይጠብባል። ይሄ ሁሉ ኃይለኛ ማተሚያ፣ ትክክለኛ ቅርጽ ማውጫና የሰለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል። በቤት ወናፍና መዶሻ አይሞከርም።

ለምን ይሄን ያህል ልፋት? ናስ ሲተኮስበት ይለጠጥና የጠመንጃውን ቤት ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት አይመለስም። ኃይሉ ሲያልፍ ደግሞ መልሶ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በሰላም እንዲሠራ ያደረገው ይሄ የናስ ጠባይ ነው። ከጠመንጃው የበለጠ ረቂቅ ነገር ያለው ቀለሃው ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ጣናን በግራ እየተዋችሁ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ስትደርሱ አጠገቧ ጋፋት አለች። አጼ ቴዎድሮስ የውጭ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት ቦታ ናት። ሴባስቶፖል እዚያ ተሠራ፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው፤ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ቴዎድሮስ አንድ ነገር በደንብ ገብቷቸው ነበር፤ መሣሪያ የሚገዛ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ አገር ያስፈልጋል። ችግሩ ዓለም በዚያው ሰዓት ፊቱን ከትልቁ ነሐስ ወደ ትንሿ ናስ አዙሮ ነበር።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ጦር ከእንግሊዝ ጋር ሲገናኝ እንግሊዞቹ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ ስናይደር። በትልቅ ዘመቻ ሲሞከር የመጀመሪያው ነበር። ጥይቱ ከስስ ናስ የተጠቀለለ ቀለሃ አለው፣ ከኋላ ይጎርሳል፣ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል። የኛ ሰው የያዘው በአፈሙዙ ባሩድ ተሰፍሮ፣ አረር ተጨምሮ፣ በዘንግ ተጠቅጥቆ የሚተኮስ ነው። አንዱን ጎርሶ እስኪጨርስ ወዲያኛው ስንቱን እንደተኮሰ አስቡት። በዚያች ከሰዓት ከኛ ወገን 700 የሚሆን ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ የቆሰለው 20 ነው፣ ከነሱም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ስናይደር በአፋችን «ሰናድር» ሆኖ ቀረ፤ ፉከራና ሽለላ ውስጥ ዛሬም አለ። የገደለን ጠመንጃ ስም የጀግና መወደሻ መሆኑ ራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ አጼ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብጽን ጦር ሲመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ተማረከ። ያኔ ባለቀለሃ ጠመንጃ በብዛት እጃችን ገባ። አብሮም ችግሩ ገባ። የድሮው ጠመንጃ ባሩድና እርሳስ ካለ ይበላል፤ አዲሱ ግን የራሱን ቀለሃ ካላገኘ ዱላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ውጅግራ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፤ «ፉዚ ግራ»፣ የግራ ጠመንጃ። ግራ ጠመንጃውን ያወጣው መኮንን ስም ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦሯ አደለችው። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፣ አረሩ 25 ግራም እርሳስ፣ ባሩዱ 5 ግራም ከሩብ፣ ቀለሃው 59 ሚሊሜትር የሚረዝም ወፍራም ናስ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ የሌለው ባሩድ አግኝታ ለበልን ስታወጣ (የኛ ሰው «ለበን» ይለዋል) ውጅግራ በአንድ ጊዜ አሮጌ ዕቃ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ጎረፈ። ከነጋዴዎቹ አንዱ ግጥም ትቶ ንግድ የጀመረው ፈረንሳዊው አርተር ሬምቦ ነበር፤ እሱ እንኳ ያመጣው ከውጅግራም ያረጀ ጠመንጃ ነው፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ። በ1879 እንጦጦ ደርሶ ለምኒልክ ሸጠ፣ በዋጋውም ሲያማርር ኖረ።

እዚህ ላይ ነው ማጠቡ የሚመጣው። የውጅግራ ባሩድ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ሲቃጠል ከግማሽ በላዩ ጢስና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ያ ዝቃጭ ጨው ስላለበት እርጥበት ይስባል፣ ድኝ ስላለበት ናስን ይበላል። በክረምት፣ በኛ ደጋ፣ የተተኮሰ ቀለሃ ሳይታጠብ ቢያድር ጠዋት ጠቁሮ ታገኘዋለህ፤ ሲሰነብት አረንጓዴ ያወጣል፤ ሲከርም ግድግዳው ይሳሳል። የሳሳ ቀለሃ ሲተኮስ ይቀደዳል፣ እሳቱም ወደ ዓይን ይመለሳል። ስለዚህ መልሶ የሚሞላ ሰው ቶሎ ማጠብ ግዴታው ነው። የአሜሪካ ጦርም በዚያው ዘመን ለየምሽጉ የመሙያ መሣሪያ አድሎ፣ ወታደሩ ለልምምድ የተኮሰውን ቀለሃ በሳሙና ውሃ አጥቦ እንዲያስረክብ ያደርግ ነበር። ያ የሀብታም አገር ጦር ነው። እንግዲህ ጥይቱ ከባሕር ማዶ በግመል ለሚመጣለት ሰው ቀለሃው ምን ያህል እንደሚከብር መገመት አያዳግትም።

ናስ ማጥራት ደግሞ ለዚህ አገር አዲስ ትምህርት አልነበረም። በየደብሩ ለበዓል ዋዜማ ጽናውን፣ ጸናጽሉን፣ የመጾሩን መስቀል በሎሚና በአመድ የሚያሹ ዲያቆናትን ያላየ አለ? ሎሚው ዝገቱን ይፈታል፣ አመዱ ይፍቃል፣ ውሃው ያነሳል። ዘጌን የምታውቁ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ እርሻ የማይታረስበት ያ ልሳነ ምድር ሲኖር የኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ታንኳ ሙሉ ሎሚ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጣል። የፈረንጁ በርሜል ውስጥ የምትገባው ነጭ ዱቄት፣ ሲትሪክ አሲድ የምትባለው፣ ሎሚ ውስጥ ያለችው ራሷ ናት። ሽቦው የአመዱን ሥራ ይሠራል፤ ሞተሩ የዲያቆኑን ክንድ።

በዚህ መንገድ የተሞላ ጥይት እንደ ፋብሪካው አይሆንም። የቤት ባሩድ ኃይሉ አንዴ ይበረታል አንዴ ይደክማል፣ አረሩም በእጅ የተጠረበ ነው። አንዳንዱ ይከሽፋል። ናሱም ዕድሜ አለው፤ በተተኮሰ ቁጥር አንገቱ ይደርቅና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ቢሆንም ባዶዋን ቀለሃ የሚጥል ሰው አልነበረም። ከዚህ ነው ገንዘብ የመሆኗ ነገር የሚመጣው።

በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገንዘብ ጠገራው ነበር፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር። የትም ይመታ መቼ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። 28 ግራም ይመዝናል። በሬ ለመግዛት ጥሩ ነው፤ በርበሬ ለመግዛት ግን ምን ታደርገዋለህ? ቆርሰህ አትሰጥ። መልስ የሚሆነው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በበቅሎና በአህያ ይመጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ጣጣው ብዙ ነው፤ ይሰበራል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል፣ ሰው ሲቸግረው ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ጣና ዳር ሐምሌና ነሐሴን አሞሌ ይዞ መክረም ምን ማለት እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በዚህ መሃል የውጅግራ ጥይት ገበያ ወጣች። እስቲ እንደ ገንዘብ እዩዋት። ሁሉም አንድ ዓይነት ናት፤ ፋብሪካ ስለሠራት መጠኗ አይለያይም። አትሟሟም፣ አትሰበርም፣ ትቆጠራለች፣ በዝናር ታጥቀህ ትጓዛለህ። ሁሉም ሰው ይፈልጋታል፤ ጠመንጃ የሌለው እንኳ ጠመንጃ ያለው እንደሚቀበለው ያውቃል። በብዙ የአገራችን ገበያዎች ከአሞሌና ከጠገራ ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ዞራለች። መንግሥት አልመታትም፣ አዋጅ አልወጣላትም። ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብር፣ 1887 የሚል ዓመት ያለበት፣ ገጠር ውስጥ ቶሎ አልለመደም፤ ሰው ከንጉሡ ምስል ይልቅ የማሪያ ቴሬዛን አመነ። ጥይቷን ግን ማንም ሳያዘው ተቀበለ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ባዶዋ ናት። ብር ሲጠፋ ይጠፋል፣ ጨው ሲበላ ያልቃል። ጥይት ግን ከተተኮሰም በኋላ ዋጋዋ ሙሉ በሙሉ አይሞትም፤ ቀለሃዋ ትሞላለችና በዝቅተኛ ዋጋ ትሄዳለች። ሙሉዋ ብር ከሆነች ባዶዋ ሳንቲም ናት። ተማሪዎቼን «ገንዘቡን ተኩሶ መልስ የሚቀበል ሕዝብ ታውቃላችሁ?» ስላቸው ይስቃሉ። ግን እኮ ነገሩ ያ ነው። ዋጋው ያለው መግደል ላይ ብቻ ቢሆን ባዶዋን ማን ይገዛት ነበር? ሰዉ የሚያከብረው እሱ ራሱ መሥራት የማይችለውን ነገር ነው፤ እሷም ናሷ ናት።

ይሄንን ደግሞ የውጭ መንግሥታትም በደንብ ያውቁ ነበር። ጠመንጃ አንዴ አገር ውስጥ ከገባ ሃምሳ ዓመት ይኖራል፣ ከአባት ለልጅ ይወረሳል። ጥይት ግን ያልቃል። ስለዚህ አንድን አገር ጠመንጃውን ሳትቀማ ማስገበር ከፈለግህ የጥይት በሩን መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ኃያላኑ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባ መሣሪያ ላይ ገደብ አኖሩ። ኢጣሊያ በውጫሌ ውል ሞግዚት ነኝ ስትል አንዱ የቆጠረችበት ይሄ ነው፤ መሣሪያ በእኔ በኩል ይግባ ማለት ጥይቱ በእኔ እጅ ነው ማለት ነው። ምኒልክም ጨዋታው ገብቷቸው ነበር። በ1885 ኢጣሊያ ለማግባባት ብላ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ውጫሌን ማፍረሳቸውን ለዓለም አሳወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዓድዋ መጣ። የኢጣሊያ ጄኔራሎች የገዛ ጥይታቸው ከተራራው ወደ እነሱ ሲመለስ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ያው የጥይት በር በ1927 እንደገና ተዘጋ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ኢጣሊያ ግን የራሷ ፋብሪካ አላት፣ እኛ የለንም። በአምስቱ ዓመት የጎጃም አርበኛ ሌላም ፈተና ነበረበት። አንዱ ውጅግራ ይይዛል፣ አንዱ ለበን፣ አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ከጠላት የማረከውን ባለ 6 ነጥብ 5። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይገባም። ጎን ለጎን ተኝተው የሚዋጉ ሁለት ወንድማማቾች ጥይት መበዳደር አይችሉም። ማራኪ አርበኛ ሬሳ ላይ መጀመሪያ የሚፈታው ዝናር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ትልልቆቹ ቀለሃዎች ሌላ ሥራ አገኙ። በየገጠሩ ደብር ዛፍ ላይ ወይም ደጀ ሰላሙ አጠገብ የመድፍ ቀለሃ ተንጠልጥሎ እንደ ደወል ሲመታ አይታችሁ ይሆናል። ለዘመናት በድንጋይ ደወል ሲጠራ የኖረ አገር ነው፤ ናሱን ሲያገኘው ድምፁን አልጠላውም። የተሳበ ናስ ደግሞ ጥሩ ይጮኻል፣ ሩቅ ይሰማል።

ስለ ማጠቡ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ዛሬ እንምጣ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የኬሚስትሪ መምህሩን ስለ ናስ ስጠይቀው አንድ ታሪክ አጫወተኝ፤ ሄጄ አነበብኩት፣ እውነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን ለዝናቡ ወራት ጋጣ ውስጥ ያከማች ነበር። ክረምቱ አልፎ ሲከፍቱት፣ ሳይተኮስ፣ ማንም ሳይነካው፣ የቀለሃው አንገት ተሰንጥቆ ተገኘ። ለብዙ ዓመት ምክንያቱ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1921 ነው ነገሩ የተፈታው። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በፋብሪካ ተጎትቶ ውጥረት ያደረበትን ናስ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ቀለሃ የሚያጥቡ ሰዎች ሎሚ ተጠቀሙ፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አትጠቀሙ የሚሉት። እኛም ቤት ዝናር የሚሰቀለው ከብትና ሰው አብረው በሚያድሩበት ጎጆ ነበር። ስንቱ ጥይት «ከሸፈብኝ» ተብሎ በዕድል እንደተሳበበ እንጃ።

አሁን ዛሬ። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ ባሕር ዳርን ሲይዝ፣ የቀረው የብረት ቁርጥራጭ ለዓመታት የልጅ መጫወቻ ሆኖ ኖሯል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ እንደገና በየመንገዱ ቀለሃ አለ። ፖለቲካ ውስጥ አልገባም፤ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነው የምጽፈው። የተማሪ ኪስ ስትፈትሽ ቀለሃ ይወጣል። አንዳንዱ አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጥለዋል። ትንንሾቹ ደግሞ አፉ ላይ አድርገው ያፏጩበታል፤ ጥሩ ፊሽካ ነው፣ ለኳስ ጨዋታ ዳኛው እሱን ይነፋል።

እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። አብዛኛው ካፕሱል ውስጥ የእርሳስ ውህድ አለ። ሲተኮስ ተኖ ቀለሃው ውስጥ ይለጠፋል። ያ የበርሜሉ ጥቁር ውሃ ጥላሸት ብቻ አይደለም። የሚያጥቡት ሰዎች በደረቅ መፈተግን ትተው ወደ ውሃ የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ በደረቁ ሲፈተግ እርሳሱ አቧራ ሆኖ ይተነፈሳል፣ በውሃ ግን ተይዞ ይቀራል። ልጅ አፉ ውስጥ ሲከተው ሳይታጠብ ነው የሚከተው። እርሳስ በልጅ አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ሐኪም ጠይቁ።

ሌላው ናስ ነው ብሎ መሸወድ ነው። የክላሽ ቀለሃ አብዛኛው ናስ አይደለም፤ ብረት ነው፣ ላዩን ቀለም ወይም ስስ መዳብ ተቀብቶ። ማግኔት ይይዘዋል። ቁራሌው ገና ሲያየው ያውቀዋል፣ ዋጋም አይሰጠው። ሎሚ ውስጥ ብትዘፈዝፈው ልባሱ ይለቅና በማግስቱ ይዝጋል። ስለዚህ ልጁ «ናስ እሸጣለሁ» ብሎ ቦይ ለቦይ የሚለቅመው ነገር ብዙ ጊዜ ምንም አያወጣም።

ናሱን ግን ወደ ሌላ የቀየሩ አሉ። አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ተራራ ስር፣ እንጦጦ ቤት አርቲዛን የሚባል ቦታ ብዙዎቹ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ፣ ለጸበል መጥተው እዚያው የቀሩ ሴቶች ይሠሩበታል። ከጥንት ጦር ሜዳ ገበሬ ለቅሞ የሚያመጣው ቀለሃ ቀልጦ በእጅ ጨሌ ይሆናል፤ ጨሌው ተወልውሎ የአንገት ሐብል ይሆናል፣ ውጭ አገርም ይሸጣል። ከመቶ ዓመት በፊት ገበያ ላይ ዝርዝር የነበረው ናስ እንደገና ለአንዲት ሴት የወር አስቤዛ ሲሆን ማየት ደስ ይላል። እዚያም ቢሆን ግን መጀመሪያ የሚሠራው መለየት ነው፤ እሳት ከመንካቱ በፊት።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ኪስ ውስጥ ያለውን እዩ። ጫፉ ላይ አረር ካለ አትንኩት፣ አታንኳኩት፣ ባለበት ትታችሁ ለሚመለከተው አካል ንገሩ። አረር ባይኖረውም ግርጌውን ገልብጣችሁ ካፕሱሏን ተመልከቱ። የተመታች ካፕሱል መሃሏ ላይ ግልጽ ጎድጓዳ ምልክት አላት። ምልክት ከሌላት አልፈነዳችም፤ በድንጋይ ብትመታ ጣት ትወስዳለች። ባዶም ቢሆን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ አፍ ውስጥ አይግባ። ላጥበው የሚል ቢኖር በልብስ ማጠቢያው ሳፋ አይሁን፣ ውሃውንም ወደ ጣና በሚወርደው ቦይ አይድፋው፤ እንቦጩ ይበቃናል። ለቁራሌውም ከሌላ ብረት ጋር ቀላቅላችሁ አትስጡ። መሃሉ ያልተተኮሰ አንድ ከገባ ማቅለጫው ውስጥ ይፈነዳል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ወናፉን የሚነፋው ልጅ ነው።